ውጭ ማዕበል፣ ቤት ውስጥ ጨለማ፦ እስከ መኝታ በምን ይዘለቃል?

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነበብኩት ክር፣ ማለትም ለአንድ ጥያቄ በተርታ የተሰጡ መልሶች ስብስብ፣ የተከፈተው በአጭር ጥያቄ ነው፤ መልስ ሰጪዎቹን በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ከባድ ነፋስና ዶፍ መጥቶ መብራት ሲጠፋ፣ ከአምስት ዓመት ሕፃን እስከ ሰባን የተሻገሩ አያት ያሉበት ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ እስከ መኝታ ያሉትን አራት አምስት ሰዓታት በምን ያሳልፋቸው? ጠያቂዋ ሁለት ገደብ አስቀምጣለች። ስልክ ላይ ፊልም ማየት አይቆጠርም፤ ስልኩ ለክፉ ጊዜ ይፈለጋልና። ጨዋታውም ቀድሞ ተገዝቶ የተቀመጠ ዕቃ የሚጠይቅ እንዳይሆን። በዚህ ብታቆም መልካም ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ሻማ ከባትሪ እንደሚሻል፣ ለስለስ ያለ ብርሃኑ ሕፃናትን እንደሚያረጋጋ ጨመረች፤ የመጀመሪያዎቹ መልሶች በሙሉ ያረፉት በዚህችው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ቁጥር 1 በትሕትና ጀምሮ ጨዋታውን ከመምረጥ በፊት ብርሃኑን ማስተካከል እንደሚቀድም አስረዳ። አንድ ሻማ የሚሰጠው ብርሃን 12 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ 1 ዋት ብቻ የሚበላ ደህና የኤልኢዲ ባትሪ ደግሞ 100 ሉመን ያህል ይሰጣል። ስምንት ሻማ ማለት ነው። የባትሪው ችግር ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ ዓይን መውጋቱ ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ባትሪውን ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ፊቱን ወደ ነጭ ጣሪያ ማዞር። ጣሪያው መልሶ የሚበትነው ብርሃን ለአንድ ክፍል ይበቃል፣ የማንንም ፊት አይወጋም። ጣሪያው ጥቁር ወይም ከፍ ያለ ከሆነ ውሃ የሞላ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ባትሪው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

ቁጥር 2 በዚህ ተስማምቶ ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ ወተት ቢጨመር ብርሃኑ ይበልጥ እንደሚበተን አከለ። ጠርሙሱ የስልክ መብራት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ክዳኑ መጥበቁን፣ ውጩም መድረቁን አስቀድሞ ማየት እንደሚያስፈልግ አስጠነቀቀ።

ቁጥር 3 ለሻማ ተሟገተ። ባትሪ ያልቃል፣ ሻማ ግን መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ደንቦቹንም አልረሳም፤ ከመጋረጃ፣ ከወረቀትና ከአልጋ ልብስ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ሰፊ መቀመጫ ባለው የብረት ወይም የሸክላ ሳህን ላይ ይቁም፤ ክሩ ወደ ግማሽ ሴንቲሜትር ይቆረጥ፣ ረጅም ክር ጥላሸት ያወጣልና፤ ከመተኛት በፊት ደግሞ ይጥፋ። ቁጥር 4 በቁጣ መለሰለት። በተራ ምሽት የሚሠራ ደንብ በማዕበል ምሽት አይሠራም፤ ነፋሱ በየስንጥቁ ይገባል፣ መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ሕፃኑ በጨለማ ይሮጣል። ሻማና የአምስት ዓመት ልጅ እሳትና ጭድ ናቸው ሲል ደመደመ። እዚህ ላይ ትክክሉ ቁጥር 4 ነው፤ አነጋገሩ ግን ሰው የሚያስኮርፍ ነበር፣ ቁጥር 3ም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ቁጥር 5 ሊያስታርቅ ሞከረ። ሌላ ብርሃን ከሌለ ሻማው ታችኛው ክፍሉ አሸዋ በያዘ ወፍራም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይቁም፣ ዕቃውም ሕፃን ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ ከክፍሉ ወጥቶ የሚሄድ ትልቅ ሰው ሻማውን አጥፍቶ ይሂድ እንጂ ይዞት አይዙር። የላምባ ፋኖስም እንዲሁ፤ እየነደደ ወይም ገና ትኩስ ሳለ ላምባ አይጨመርበትም። ስንብት ላይ በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያጠፋል የሚለውን ነገር አነሳ። አያጠፋም፤ ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል፣ ጠዋት ይለቃል።

ከቁጥር 6 ጀምሮ ነገሩ ወደ ስልክ ባትሪ ዞረ። ቁጥር 6 የ10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ፓወር ባንክ ባትሪው 4,000 የሆነ ስልክን ሁለት ጊዜ ተኩል ይሞላል ብሎ አሰላ። ቁጥር 7 ሒሳቡ ልክ እንዳልሆነ በዝርዝር አሳየ። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በውስጡ ላለው ባትሪ፣ ማለትም ለ3.7 ቮልት ነው፤ ይህም በጠቅላላ የተያዘው ኃይል 37 ዋት ሰዓት ነው ማለት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ ስልኩ ውስጥ ሲገባም እንደገና ይቀነሳል። 15 ዋት ሰዓት ገደማ ለሚይዝ ስልክ የሚተርፈው አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው ትልቅ ፓወር ባንክ እንዳለው ይቁጠር ሲልም ጨመረ፤ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በዩኤስቢ ስልክን ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል። ብዙዎቹ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ ዩኤስቢውን ስለሚያቋርጡ ግን የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ክፍቱን መተው ይሻላል።

ቁጥር 8 የተናገረው ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ያነሳው ግን ጥቂት ሰው ነው። በማዕበል ጊዜ ስልክ ቶሎ የሚያልቀው ባለቤቱ ስለተጠቀመበት ብቻ አይደለም። ቅርብ ያለው የኔትወርክ ማማ መጠባበቂያ ባትሪው ሲያልቅ ይጠፋል፤ ስልኩም ሩቅ ያለውን ለማግኘት የሚልከውን ሞገድ እያበረታ፣ ደጋግሞም እየፈለገ ኃይሉን ይጨርሳል። ስለዚህ በቤቱ ካሉት ስልኮች አንዱ ብቻ ክፍት ይሁን፣ ሌሎቹ ይጥፉ። ክፍቱም የበረራ ሁነታ ላይ ይቆይና በየሰዓቱ መባቻ ለአምስት ደቂቃ ይለቀቅ። ዘመድ የሚጠይቅ ሰው በጥሪ ፋንታ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ጥሪ ይቋረጣል፣ መልእክት ግን ቆይቶም ቢሆን ያልፋል። ለአየር ሁኔታ ዜና በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ከማንኛውም ስልክ ይበልጣል፤ አንድ ጥንድ ድንጋይ ለብዙ ምሽት ይበቃዋል።

በቁጥር 9 ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች። ስለ ሻማው ያለችውን እንደተወች፣ ነገር ግን ስምንት መልስ አንብባ አንድም ጨዋታ እንዳላገኘች በለዘብታ አሳሰበች። ተገቢ ወቀሳ ነው።

ቁጥር 10 ማዕበሉን ራሱን ጨዋታ አደረገው። ልጆቹ ብልጭታውን ሲያዩ መቁጠር ይጀምሩ፣ ነጎድጓዱ ሲሰማ ያቁሙ፣ የቆጠሩትን ለአምስት ያካፍሉ፣ መብረቁ ያለበት ርቀት በኪሎሜትር ይወጣል። ቁጥር 11 ወዲያው አረመው፤ ለአምስት የሚካፈለው ርቀቱ በማይል ሲፈለግ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ለኪሎሜትር ማካፈያው ሦስት ነው፤ 12 ሴኮንድ ከተቆጠረ 4 ኪሎሜትር። ውጤቶቹ በተርታ ቢጻፉ ማዕበሉ እየቀረበ ነው ወይስ እየራቀ የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ፍርሃትን የሚያበርደውም ይኸው ነው፤ ድንገተኛ የነበረው ድምፅ የሚጠበቅ ይሆናል፣ የሚጠበቅ ነገር ደግሞ ያን ያህል አያስደነግጥም።

ቁጥር 12 ደስታቸውን አቀዘቀዘው፤ ይሁን እንጂ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ነጎድጓድ መሰማቱ ብቻውን መብረቁ ሊደርስ የሚችልበት ክልል ውስጥ መሆንን ያመለክታል፤ ቁጥሩ ትልቅ ሆነ ብሎ ደጅ መውጣት አይገባም፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ነው። የሚቆጠረውም ከመስኮት ርቆ፣ ክፍሉ መሀል ተቀምጦ ነው፤ ብልጭታው በመጋረጃ ውስጥም ይታያል። ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር አይነካም። መብራት ጠፍቷልና ሽቦው ባዶ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ መስመሩ ከቤቱ ጋር እንደተያያዘ ስለሆነ መብረቅ ቢመታው ኃይሉ በዚያው ሽቦ ይገባል። በብረት ቧንቧ በሚመጣ ውሃ ገላ መታጠብና ዕቃ ማጠብም እስኪያልፍ ይቆይ።

ቁጥር 13 በክሩ ውስጥ ከሁሉ የተዋጣው ነው ብል አላጋነንኩም። ስለ ጥላ ጨዋታ ነው። ብዙ ሰው ሻማ ለኩሶ እጁን ግድግዳ ላይ ያጠላና ጥላው የደበዘዘ፣ የሚንቀጠቀጥ ሆኖ ሲያገኘው ይተወዋል። ምክንያቱ የብርሃኑ ምንጭ ስፋት ነው። ምንጩ ትንሽ ነጥብ በሆነ መጠን የጥላው ጠርዝ ይጠራል፤ ስለዚህ የስልክ ኋላ መብራት ወይም ጠባብ ባትሪ ከሻማ እጅግ ይሻላል። መጠኑም በሒሳብ ይታወቃል፤ እጅ ከመብራቱ እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ሲሆን ጥላው የእጁን ሁለት እጥፍ፣ ከመብራቱ በኩል ሲሶው ላይ ሲሆን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ወደ መብራቱ በቀረበ ቁጥር ይገዝፋል፣ ጠርዙ ግን ይደበዝዛል፤ ጭራቅ ሲፈለግ ወደ መብራቱ፣ ወፍ ሲፈለግ ወደ ግድግዳው። በቁጥር 1 የተነገረው ጣሪያ ላይ የሚበተን ብርሃንና በቁጥር 2 የተነገረው ጠርሙስ እዚህ ጠላት ናቸው፤ ብርሃኑን የሚያሰፋ ሁሉ ጥላ ያጠፋል። ከወፍራም ወረቀት ቅርጽ ቆርጦ እንጨት ላይ መለጠፍ የአምስት ዓመቱን ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ይይዘዋል፤ መቀሱን ግን ትልቅ ሰው ይያዝለት።

ቁጥር 14 ምንም ብርሃን የማይፈልገውን የሃያ ጥያቄ ጨዋታ አቀረበ። አንዱ አንድ ነገር በልቡ ይይዛል፣ ሌሎቹ አዎ ወይም አይደለም በሚባል ጥያቄ ያድናሉ። ትንንሾቹ የሚሸነፉት በግምት ስለሚጀምሩ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የቀረውን ነገር እኩል ለሁለት እንዲከፍል ካስተማሯቸው ሃያ ጥያቄ 1,048,576 ነገሮችን ለመለየት ይበቃል፤ ሕይወት አለው ወይ ብሎ መጀመር ድመት ነው ወይ ከማለት ይሻላል።

ቁጥር 15 የክብሪት ጨዋታ አመጣ፤ ክሩም ከዚህ በኋላ መንገዱን ሳተ። 21 እንጨት ይደረደራል፤ ሁለት ሰዎች በየተራ ከአንድ እስከ ሦስት ያነሳሉ፤ የመጨረሻዋን ያነሳ ይሸነፋል። ቁጥር 15 ጀማሪው እንደሚያሸንፍ ተናገረ። ቁጥር 16 ተቃወመ፤ ሁለተኛው ነው የሚያሸንፈው። ጀማሪው ያነሳው ላይ ጨምሮ ድምሩን ሁልጊዜ አራት ማድረግ ነው፤ አንድ ቢያነሳ ሦስት፣ ሦስት ቢያነሳ አንድ። በአምስት ዙር 20 ያልቅና የቀረችው አንዷ በጀማሪው እጅ ትወድቃለች። የመጨረሻዋን ያነሳ ያሸንፋል ከተባለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጀማሪው አንድ አንስቶ 20 ይተውና በዚያው ዘዴ ይሄዳል።

ቁጥር 17 ዘዴው አንዴ ከታወቀ ጨዋታው የሞተ ነው ብሎ በአራት ረድፍ እንዲደረደር መከረ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስትና ሰባት፣ በጠቅላላ 16 እንጨት። በየተራው ከአንድ ረድፍ ብቻ የፈለጉትን ያህል ማንሳት ይቻላል፤ የመጨረሻዋን ያነሳ ይሸነፋል። በዚህኛው አሸናፊውን ማንም አስቀድሞ አያውቅም ሲል ተመጻደቀ። ቁጥር 18 አልለቀቀውም። እያንዳንዱን ረድፍ ወደ አራት፣ ሁለትና አንድ ከፍለህ ቁጠር አለው፤ ሰባት አራትና ሁለትና አንድ ነው፣ አምስት አራትና አንድ፣ ሦስት ሁለትና አንድ፣ አንድ ያው አንድ። አራቶቹ ሁለት፣ ሁለቶቹ ሁለት፣ አንዶቹ አራት ሆኑ፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነው። ጀማሪው ምንም ቢያነሳ ጥንዱን ያፈርሳል፣ ሁለተኛው መልሶ ያስተካክላል። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ ከአንድ ረድፍ በስተቀር የቀሩት ሁሉ ነጠላ እንጨት ሲሆኑ፣ ለባላጋራው የነጠሎቹን ቁጥር ጎዶሎ አድርጎ መተው ነው።

ቁጥር 19 ትዕግሥቱ አለቀ። ጥያቄው ስለ ሕፃንና ስለ አያት ሆኖ ሳለ ሁለት ሰዎች ችሎታቸውን እያሳዩ ነው፣ ይህ ቤተሰብ አያጫውትም ሲል ወረፈ። ቁጥር 18 ስድብ ቀረሽ መልስ በቁጥር 20 ሰጠው፤ እሱን አልዘረዝረውም። ለነገሩ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የ21ዱ እንጨት ለሰባት ዓመት ልጅ ልክ ነው፣ ምስጢሩን ራሱ እንዲያገኘው ከተተወ ምሽቱን ይወስድለታል፤ አራቱ ረድፍ ለትልልቆቹ ነው። ክብሪቱ ደግሞ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ይሁን፣ ወይም ባቄላ ይተካው፤ በጨለማ ለሕፃን ክብሪት መስጠት ከቁጥር 4 ክርክር ጋር አይሄድም። ይህን ማንም አላነሳውም።

ቁጥር 21 ወደ አያት መለሳቸው። ዓይናቸው ለደከመ ሰው ካርታና ወረቀት በደብዛዛ ብርሃን ቅጣት ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ ግን አንድ መብራት ለስድስት ሰው ያገለግላል ማለት ነው፤ አንዱ መብራቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ የቀሩት በጨለማ ያዳምጣሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፅ ስለሚውጥ አንባቢው ጆሮው ከሚከብደው ሰው ፊት ለፊት ይሁን፣ ምዕራፉም አጭር ይሁን፣ በየሩብ ሰዓቱ አንባቢ ይቀየር። ተረትም በየተራ ሊሠራ ይችላል፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፣ ከሁለት በላይ ከሆነ ወሬኛው ሁሉን ይወስደዋል። ለሕፃኑ ደግሞ ሥራ ይሰጠው፤ የባትሪ ኃላፊ ይባል፣ ማን ባትሪ ይዞ እንደወጣና እንደተመለሰ ይቁጠር። ሥራ ያለው ልጅ ነፋሱን ለመፍራት ጊዜ የለውም።

ቁጥር 22 ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አለ፤ ትንሽ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ከጣሪያ ሥር አስነስቶ፣ በመስኮት ኤክስቴንሽን አስገብቶ ቴሌቪዥን ማየት ነው እንጂ። ክሩ ከዚህ በላይ የጋለበት ቦታ የለም። ቁጥር 23 ይህን ምክር የሚከተል ሰው ጠዋት ላይነቃ ይችላል ሲል ያለ ምንም ማለሳለሻ ጻፈ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለዋል፣ ይተኛል። በረንዳ ከቤት አይቆጠርም የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም፤ ነፋሱ ጭሱን በዚያው ኤክስቴንሽኑ በገባበት መስኮት ይመልሰዋል። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ የጭስ መውጫውም ከበርና ከመስኮት ወደ ሌላ ይዙር። ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድም ያው ሞት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ላውራ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ሉዊዚያና ከመታ በኋላ ከሞቱት ብዙዎቹን የገደላቸው ነፋሱ ሳይሆን የጄኔሬተር ጭስ እንደነበረም አስታወሰ።

ቁጥር 24 በሙያው ቋንቋ ሌላውን አደጋ ጨመረ። ሁለቱም ጫፉ ወንድ፣ ማለትም ሶኬት ውስጥ የሚገባ፣ የሆነ ሽቦ ሠርቶ ጄኔሬተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ አለ። ዋናው ብሬከር (ቤቱን ከመንገዱ መስመር የሚለየው ማቋረጫ) ካልተቋረጠ ኃይሉ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ወደ ሺዎች ቮልት ያነሳዋል፣ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። መብራት ከመጣም ጄኔሬተሩ ራሱ ይቃጠላል። ቁጥር 22 አመስግኖ ምክሩን ሰረዘ፤ በእንዲህ ያለ ክር ውስጥ ብዙ የማይታይ ነገር ነው።

ቁጥር 25 ስለ ፍሪጅ ጠየቀ፣ ቁጥር 26 መለሰ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት፣ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ምግብ ይጣላል፤ ቀምሶ ማረጋገጥ አይቻልም። በረዶው ገና ያልሟሟ ግን ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ለምሽቱ የሚፈለገው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይውጣና በሩ ይዘጋ፤ ልጆች ሲሰለቻቸው ፍሪጅ ከፍቶ ማየት ልማዳቸው ስለሆነ በሩ ላይ ወረቀት መለጠፍ አይከፋም።

በቁጥር 27 ጠያቂዋ የመረጠችውን አስታወቀች፤ መጀመሪያ መብረቅ ቆጠራ፣ ከዚያ ጥላ፣ ልጆቹ ሲደክሙ ንባብ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሁሉም ከተኙ በኋላ መብራት ቢመጣስ? ቁጥር 28 ይህ ከመኝታ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው ብሎ መለሰ። መብራቱ ሲጠፋ ምድጃ ወይም ካውያ በርቶ የነበረ ከሆነ ሌሊት ብቻውን ይግላል፤ ስለዚህ የምድጃው ማብሪያ በባትሪ እየታየ በእጅ ይዘጋ፣ ካውያው፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀሉ፤ ይህ ግን ነጎድጓዱ ካለፈ በኋላ ነው፣ በቁጥር 12 የተባለውን ላለመጣስ። አንድ አምፖል ብቻ ማብሪያው ተከፍቶ ይተው፣ መምጣቱን እንዲናገር። እያንዳንዱ ሰው ጫማውን አልጋው ሥር ያድርግ፤ መስታወት ከተሰበረ በባዶ እግር አይኬድም።

ቁጥር 29 አምፖሉ እንደበራ ፍሪጁ ይሰካ አለ፣ ቁጥር 30 ከለከለው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ የሚዋዥቅባቸው፣ መብራቱም ተመልሶ የሚሄድባቸው ናቸው፤ በፍሪጁ ውስጥ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ደግሞ የጋዙ ግፊት ሳይመጣጠን ከተነሳ ይጨነቃል፣ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። አምስት ደቂቃ ጠብቆ ፍሪጁን፣ እሱ ተነስቶ ድምፁ ሲረጋ ሌላውን፣ አንድ በአንድ። ቁጥር 29 አምስት ደቂቃው ከየት ተቆጥሮ እንደሆነ ጠየቀ፤ አምፖሉ ሳይብለጨለጭ ከጸናበት ጊዜ ነው ተባለ፣ ከጠፋ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።